ለልጄ፦ ያቺ ሴትዮ ስለ ጉንጭሽ የተናገረችው

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደሴን ጉም ውጧታል፣ የጦሳን ተራራ ካየነው ሳምንት ሊሞላን ነው፣ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ቆርጠም ያደርጋታል እንጂ ደህና ናት። ይሄን በስልክ ነው የምጽፍልሽ፣ ወንድምሽ ‘አምጣ ላስተካክልልህ’ ቢለኝ እምቢ አልኩት፣ ውስጡ እሱ ከማየቱ በፊት አንቺ እንድታዪው የምፈልገው ነገር አለ፣ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ እለፊኝ።

የአክስትሽ ልጅ ደውላ ሁሉንም ነገረችን። ለምን አወራሽ ብለሽ እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ያወጣጣኋት። እሁድ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም፣ ‘ብርድ ነው አባ’ ስትዪ ብርድ እንዳልሆነ ለኔ አይጠፋኝም።

የነገረችን ይሄ ነው። እዛ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ አዛውንት ለመንከባከብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ የምትሄጅበት ሰዓት ደሞዝሽ ላይ አልገባም፣ ጠየቅሽ፣ ማናጀርሽ ‘ዩቭ ጋት ኤ ቺክ’ (ቃል በቃል ‘ጉንጭ አለሽ’) ብላ መለሰችልሽ፣ አንቺ ደግሞ ማታ ደክሞሽ ገብተሽ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት የዋትሳፕ ግሩፕ ‘ሌቦች ናችሁ’ ብለሽ ጻፍሽ። አሁን ለስብሰባ ጠርተውሻል። እንዲህ ነው አይደል? የቀረ ካለ ራስሽ ንገሪኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ማታ አትጻፊ። የጻፍሽውን አሳድሪው። ጠዋት ተነሺ፣ ቡናሽን ጠጪ፣ ደግመሽ አንብቢው፣ ያኔም ልክ ከመሰለሽ ላኪው። እናትሽ አጠገቤ ሆና ‘በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል እኮ ጳውሎስ፣ አንተ እንዴት አሳድሪው ትላለህ’ አለችኝ። ቁጣውን አታሳድሪ፣ ጽሑፉን አሳድሪ ነው የምለው፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ደግሞ ልጁ ላይ የተወረወረ ቃል ሆኖ። መዝገበ ቃላቱን አወጣሁት፣ ያንን ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈውን፣ በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ እናትሽ ወርቋንና ዳዊቷን ስትይዝ እኔ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የያዝኩትን። ቺክ ጉንጭ ነው፣ ይሄንማ ገና ትምህርት ቤት ሳትገቢ ነው ያስተማርኩሽ፣ ‘ቺክ፣ ቺን፣ ኖዝ’ እያልሽ በጣትሽ እየነካሽ እንግዳ ፊት ታሳዪልኝ ነበር። ግን በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ ጉንጭ ብቻ አልነበረም፣ መንጋጋም ማለት ነበር። ሰው ሲናገር የሚንቀሳቀሰው መንጋጋው አይደል? ለዚህ ነው መሰለኝ በ1840 ገደማ (ዓመቱን ወንድምሽ ነው ከኢንተርኔት ያገኘልኝ) ቺክ ማለት ልኩን ያለፈ አፍ፣ ለበላይ የሚመለስ መልስ ማለት የሆነው። ‘ሊፕ’ ሲሉም እንደዚሁ ነው፣ ከንፈሩን ሳይሆን መልስ መስጠቱን ነው። እኛስ ‘ጉንጭ አልፋ ክርክር’ እንል የለ? በኛ ጉንጭ ይደክማል፣ በነሱ ጉንጭ ይደፍራል።

አንቺ ባለፈው ‘ቺኪ’ መጥፎ ቃል አይደለም ብለሽኝ ነበር፣ ጓደኞችሽ ለናንዶስ ዶሮ እንኳ ‘ቺኪ ናንዶስ’ ይላሉ ብለሽ ስቀሽ ነበር። ያቺ የምታጥቢያት የዘጠና ዓመት ሴትዮ ‘ቺኪ ሞንኪ’ ስትልሽስ ትዝ ይልሻል? እኔ ያን ቀን እራት አልበላሁም። ልጄን ዝንጀሮ ብላ ሰደበችብኝ ብዬ ደሜ ፈላ፣ አንቺ ነሽ ‘አባ፣ ለገዛ የልጅ ልጆቿም እንደዛ ነው የምትላቸው፣ ስታቆላምጥ ነው’ ብለሽ ያረጋጋሽኝ። ቆይቼ ሳስበው እኛም ተንኮለኛ ሕፃን ስናይ ‘ይቺ ጦጣ!’ ብለን ጉንጯን ቆንጠጥ እናደርጋት የለ? እሺ ብዬ ተውኩት። የሴትዮዋን ልብ ደግሞ እጇን የምትይዢያት አንቺ ታውቂዋለሽ እንጂ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቀውም።

ግን ልብ በዪ፣ ‘ቺኪ’ እና ‘ዩቭ ጋት ኤ ቺክ’ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፈገግታ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ላይ ፈገግታ የለም። ሁለተኛው ‘አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትጠይቂው’ ነው። የበላይ ለበታች የሚጥለው ቃል ነው፣ አሠሪ ‘ሠራተኛዬ ደፈረችኝ’ ይላል እንጂ ሠራተኛ አሠሪዋን እንደዛ አትልም፣ ብትልም የሚሰማት የለም። ያልሽው እውነት ይሁን ውሸት ቃሉ ውስጥ የለም። ቃሉ የሚለካው የቆምሽበትን ደረጃ ብቻ ነው። ይሄን የምልሽ በሌላ ሰው ስለ ደረሰ አይደለም፣ እመጣበታለሁ።

እንግሊዞቹ ለዚህ ለድፍረት ነገር ስንት ቃል እንዳላቸው ብታዪ፣ አብዛኛውን ደግሞ ከሰው ገላ ነው የወሰዱት። ‘ጎል’ የሚባል አለ፣ ሐሞት ማለት ነው። መራራ ነገር፣ ጥላቻ፣ ቂም ሲሉበት ኖረው በ1880ዎቹ አሜሪካኖች ለዓይን አውጣነት አደረጉት። አሁን የኛን እዪ። ሐሞት የሌለው ሰው እኛ ዘንድ ፈሪ ነው፣ ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል፣ ሐሞተ ኮስታራ ከተባለ ደግሞ ሰው ነው፣ የሚደገፉበት ሰው ነው። ያው አንድ ሐሞት እዛ ስድብ እዚህ ሙገሳ። አንቺ የኔ ልጅ ሐሞት አለሽ፣ ይሄን በአማርኛ ነው የምልሽ።

‘ኢምፑደንት’ የሚለው ከላቲን ነው፣ ማፈር የማይችል ማለት ነው፣ እኛ ኃፍረተ ቢስ የምንለው ቁርጥ እሱ። ‘ኢንሶለንት’ ግን ገርሞኛል፣ ሥሩ ያልተለመደ ማለት ብቻ ነው። ሰው ያልለመደውን ስታደርጊ ነው እንግዲህ ባለጌ የምትባዪው። ‘ሳስ’ የሚሉት የአሜሪካኖቹ ቃል ከ‘ሶስ’ የመጣ ነው፣ ሶስ ራሱ ከጨው፣ ጨው የበዛበት አፍ እንደ ማለት ነው። ‘ኤፍሮንተሪ’ ደግሞ ከግንባር ነው፣ ግንባሩ የማይቀላ፣ ደም የማይመጣበት ሰው። ይሄኛው ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም የኛ ‘ዓይን አውጣ’ ወንድሙ ነው። እነሱ ግንባር አወጡ፣ እኛ ዓይን። ዓይኑ የሚያፍር ዓይን አፋር፣ ዓይኑ የወጣ ዓይን አውጣ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር ነው እኛ ያስተማርንሽ፣ እኔና እናትሽ፣ ቀና ብለሽ ካየሽ ‘ምን ታፈጪያለሽ’ እንልሽ ነበር፣ ከዛ የቪዲዮ ኢንተርቪውሽ ዕለት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ‘ካሜራውን ቀጥ ብለሽ እዪ፣ ዓይንሽን እንዳትሰብሪ፣ የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስላቸዋል’ አልኩሽ። ሠላሳ ዓመት ያስጎነበስኩትን ዓይን በአንድ ጠዋት ቀና አድርጊ አልኩሽ። አደረግሽው። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎችም ልጆቻቸው ላይ ይሄው ነው የደረሰው ይባላል፣ አንገቱን ደፍቶ ያደገ ልጅ፣ ‘ሑጽፓ’ (ዓይን አውጣነት) ያለው ልጅ በሚወደስበት አገር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ‘አያውቅም’ ተብሎ ይታለፋል። ሑጽፓ በዕብራይስጥ መነሻው ስድብ ነው፣ በይዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ በኩል አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ግማሹ ምስጋና ሆነ፣ እንደ ኛ ‘ደፋር’። ደፋር ስንል ጀግና ነው ባለጌ ነው? የሚናገረው ሰው ፊት ላይ ካልሆነ አይታወቅም።

እናትሽ ደግሞ ሕዝቅኤልን አምጥታ አነበበችልኝ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ። ሕዝቡ ግንባረ ጠንካራ ነው ይለውና እግዚአብሔር ነቢዩን፣ ያንተንም ግንባር እንደ አልማዝ አጠንክሬዋለሁ አትፍራቸው ይለዋል። ያው ግንባር ነው። ለነሱ ኃጢአት ለሱ ጸጋ።

አያትሽን አታውቂውም። የሰው መሬት እኩል ያርስ ነበር። እኔ ሰባት ስምንት ዓመቴ ይሆናል፣ እህሉ ሲካፈል አውድማው ላይ ነበርኩ፣ ባለመሬቱ የራሱን ድርሻ በቁና አስሰፍሮ ሲያበቃ አባቴ ‘ጌታዬ፣ የኔ ቁና አልሞላም፣ ይደገምልኝ’ አለ። በቃ ይሄን ነው ያለው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፣ ቆቡን አውልቆ ነበር። ባለመሬቱ ወደ ሰዎቹ ዞር ብሎ ‘ይሄ ሰው ጠግቧል’ አለ። ጠግቧል! ያን ቀን እኛ ቤት ከጠዋት ጀምሮ የተቀመሰ ነገር አልነበረም። ያልበላ ሰው ጠገበ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ለሌላ ሰጡት፣ ከዛ በኋላ ነው ደሴ የገባነው፣ እኔም የተማርኩት በዛ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንቺ የአውቶቡሱን ሰዓት ጠይቀሽ ‘ቺክ’ ተባልሽ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሊድስ አይደለም፣ ያ አውድማ ነው። ቁናው ይደገምልኝ ነው ያልሽው። ይሄ ጥጋብ አይደለም።

ጥፋትሽ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን ደግሞ አልሸፍንልሽም። ሌባ ማለትሽ ጥፋት ነው። በሰው ሁሉ ፊት መሆኑ ጥፋት ነው። አያትሽ ቆቡን ያወለቀው ፈርቶ ብቻ አይደለም፣ ጥያቄው ንጹሕ እንዲሆን ነው። አንቺ ትክክለኛውን ጥያቄ ስድብ ውስጥ ጠቅልለሽ ሰጠሻቸው፣ አሁን ስለ ጥያቄው ማንም አያወራም፣ ስለ ስድቡ ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ነው ማታ አትጻፊ የምልሽ። አሳድሪው። ጓደኛሽ የዛው አገር ልጅ ብትናገረው ‘ተናዳ ነው’ ይሏታል፣ አንቺ ስትናገሪው እንደዛ አይሉሽም፣ ቪዛሽ በነሱ እጅ ነው። ስፖንሰርነታቸውን ካነሱብሽ ሌላ አሠሪ እንድታገኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡሽ 60 ቀን ነው፣ ወንድምሽ አንብቦልኛል። ይሄን ረስተሽው አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ማታ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ይረሳል።

እስቲ አሁን የማዝሽን አድርጊ። ደብተር ግዢ፣ ስልክ ላይ አይደለም ደብተር፣ በየቀኑ ከየትኛው ቤት በስንት ሰዓት እንደወጣሽ የሚቀጥለው ቤት በስንት ሰዓት እንደገባሽ ጻፊ። በቀን ስድስት ቤት ከገባሽ በመሃሉ አምስት ጉዞ አለ፣ አንዱ ጉዞ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሕጋቸው ከደንበኛ ቤት ወደ ደንበኛ ቤት ያለው ጉዞ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ይላል፣ እሱ ተደምሮ የሰዓቱ ክፍያሽ ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች መውረድ የለበትም። ከራስሽ ቤት ወደ መጀመሪያው ቤት ያለው ግን አይቆጠርም፣ እሱን ደባልቀሽ እንዳትጠይቂ፣ አንድ ስህተት ካገኙብሽ ሌላውንም ስህተት ነው ይሉሻል። የደሞዝ ወረቀቶችሽን ሁሉ ፎቶ አንሺና ለወንድምሽ ላኪ። አካስ ወደሚባለው፣ የሠራተኛና የአሠሪ ጉዳይ ወደሚያማክረው መሥሪያ ቤት፣ ደውዪ፣ ምክሩ በነጻ ነው። ስብሰባው የዲሲፕሊን ከሆነ የሥራ ባልደረባ ወይም የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ሰው ይዘሽ የመግባት መብት አለሽ፣ ብቻሽን አትግቢ፣ ዩኒሰን የሚባለው ማኅበር እንዳንቺ ያሉትን የኬር ሠራተኞች ያቅፋል አሉ፣ ጠይቂ። እዛው የሚሰጡሽን ወረቀት እዛው አትፈርሚ፣ ቤት ወስጄ ላንብበው በዪ። እሱንም አሳድሪው።

ስለ ሌባው ቃል ይቅርታ ጠይቂ። ስለ ጥያቄው ይቅርታ አትጠይቂ።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ፣ በ1965፣ ያስተማረን የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ የሆነ አሜሪካዊ ነበር፣ ስሙን እናትሽ እንኳ እስክትሰለች ነግሬያችኋለሁ፣ መዝገበ ቃላቱን ሲሄድ የሰጠኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አድዋን 1895 ብሎ ጻፈ። እኔ እጄን አወጣሁ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ቲቸር ስህተት ነው፣ በኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በናንተ ማርች 1 ቀን 1896 ነው አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱ አየኝ፣ ፈገግ አለና ‘ዩ ሃቭ ሰም ነርቭ’ ብሎ ጠመኔውን ሰጠኝ፣ ‘ና አንተ አርመው’ አለኝ። ነርቭ ጅማት ነው፣ መጀመሪያ ድፍረት ማለት ሆነ፣ ኋላ ደግሞ ያው እንደ ቺክ ዓይን አውጣነት። እሱ በየትኛው እንዳለኝ ለመጠየቅ ቃል አላስፈለገኝም፣ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። መምህር የሆንኩት በዛች ጠመኔ ነው። ይሄን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተሽዋል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ነው አውርቼው የማላውቀው።

1996። ሰባተኛ ክፍል፣ ሰባ ተማሪ፣ አንቺ ሦስተኛው ዴስክ ላይ በመስኮቱ በኩል። ‘ሴፓሬት’ የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ መሃሉ ላይ ‘ኤ’ ማድረግ ሲገባኝ ‘ኢ’ አደረግኩት። እጅሽን አወጣሽ። ‘ቲቸር፣ እሱ በኤ ነው’ አልሽ። እንደ ልጄ አይደለም የተናገርሽው፣ እቤት ‘አባ’ ትይኝ የለ፣ ያን ቀን ቲቸር ነው ያልሽኝ፣ ሥርዓቱን ጠብቀሽ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። እኔ መጣሁና ‘ዓይን አውጣ’ ብዬ በጥፊ መታሁሽ።

ዱላ ክልክል ነው ከተባለ ስንት ጊዜው ነው ያኔ። እሱን ሌሎቹም አይሰሙም ነበር፣ ግን እኔ አልመታም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። እጄ በጠመኔ ነጭ ነበር። ግራ ጉንጭሽ ላይ አራት ጣት ታተመ፣ ነጭ። አልጠረግሽውም። አላለቀስሽም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍለ ጊዜም እስኪያልቅ፣ ቤት እስክትገቢ አልጠረግሽውም፣ እናትሽ ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ስትልሽ ‘ጠመኔ ነው’ አልሻት። ጠመኔ ነው። እኔ እዛው ቆሜ ነበር፣ ጫማዬን እያወለቅኩ፣ ምንም አላልኩም።

ማታ መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩት። በኤ ነው። የላቲኑ ሥርም ኤ ነው፣ ቃሉ በታጠፈ በተዘረጋ ቁጥር ኤው አይለቅም። በማግስቱ ገብቼ ሰሌዳው ላይ በኤ ጻፍኩት፣ ገልብጡ አልኩ፣ ለምን እንደተቀየረ አልተናገርኩም። አንገትሽን ደፍተሽ ገለበጥሽ። ከዛ ቀን ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ እጅሽን አላወጣሽም። ሰኔ እስኪመጣ አላወጣሽም። እንደዛ ዝም ስትዪልኝ ‘አደብ ገዛች’ ብዬ ለባልደረቦቼ አወራሁ።

ቦሌ ስንሸኝሽ፣ ሻንጣሽን ስታስመዝኚ፣ ልነግርሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንቺ ጉንጬን ስመሽኝ ‘አባ ክኒንህን እንዳትረሳ’ ብለሽ ገባሽ። መንገዱን ሙሉ እናትሽ ታለቅሳለች እኔ ያቺን ክፍል አስባለሁ። አውድማው ላይ አባቴ የቆመበትን ያየሁ ልጅ፣ ከአሜሪካዊው እጅ ጠመኔ የተቀበልኩ ልጅ፣ የራሴን ልጅ ጠገብሽ አልኩ። ማናጀርሽ እንዴት እንደተናገረችሽ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ስህተቱ ሲነገረው ፊቱ የሚቃጠል ሰው እንዴት እንደሚናገር አውቀዋለሁ። ለዛ ነው ከላይ ቃሉ ደረጃ ነው የሚለካው ያልኩሽ። እኔ አሁን ስለ ጥያቄሽ ብዙ የምመክርሽ መብት ያለኝም አይመስለኝም፣ የምመክርሽ ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው። ማታ አትጻፊ።

ይቅር በዪኝ። በአማርኛ ነው የምጠይቅሽ፣ በእንግሊዝኛ ቀላል ይሆንብኛል።

ስብሰባው ላይ ስትገቢ ዓይንሽን አትስበሪ። በቀስታ ተናገሪ። ጥያቄሽን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት፣ ስድብ የሌለበት፣ አንድ ገጽ። ፊደሉን አይተሽ ነው ታዲያ፣ ለወንድምሽ ላኪለትና ያንብብልሽ፣ ወይም ለኔ ላኪልኝ። ካርድሽን፣ ቪዛሽን፣ ኮንትራትሽን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጊ። ጠዋት ሳትበዪ እንዳትሄጂ። ያቺ የዘጠና ዓመት ሴትዮ ከጠየቀችሽ ደህና ነኝ በያት፣ እሷን ስለዚህ ነገር አታስጨንቂያት።

ሽሮውንና በርበሬውን እናትሽ አዘጋጅታለች፣ ኅዳር ላይ ከሚመጡት ሰዎች ጋር እንልካለን፣ የሚጥሚጣው ላይ አትስገብገቢ፣ የዘንድሮው ያቃጥላል። ጃኬት ገዛሽ ወይስ አሁንም ያንን ስስ ነው የምትለብሽው?

ይሄን የጻፍኩት ማታ ነው። አሳድሬዋለሁ። አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ቡናው እየተፈላ ነው፣ ደግሜ አነበብኩት። የጠመኔውን ቦታ ላጠፋው ጣቴ ሁለቴ ሄደ፣ አላጠፋሁትም። እናትሽ እስካሁን አታውቅም ነበር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ጀበናውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም። ወንድምሽ ሲነሳ ለሱም አሳየዋለሁ።

በኤ ነበር ልጄ። አንቺ ነበርሽ ልክ።

ሐሙስ ከስብሰባው ስትወጪ ደውዪ፣ ምን ሰዓት ቢሆን አነሳዋለሁ።

አባትሽ፣ ከደሴ